ጠባቂ ያለው ዛፍ

«ውረጂ! አንቺን ነው፣ ውረጂ አልኩሽ!»

ዳና ወንጭፉን በራሱ ላይ አሽከርክሮ ለቀቀው። ድንጋዩ ከእንኮይዋ ጫፍ ጥቂት ቅጠል በጥሶ ወደ ዱሩ አለፈ። ጦጣዋ ከላይ ሆና ሽማግሌውን አየት አደረገችው፤ አንዲት ቢጫ ፍሬ ቀጠፈች፣ አንዴ ገመጠች፣ ቀሪውን እግሩ ሥር ጣለችለትና በግራሩ ቅርንጫፍ ተሻግራ ሄደች። ዳናን ከስርቆቱ ይልቅ መናቁ አበሸቀው።

«እግዜር ይይልሽ» አላት። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘት አደረገ። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከጦጣ ጋር ሲነታረክ ማንም እንዳላየው ካረጋገጠ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳምንቱን እንዲህ ነበር የከረመው። ጎህ ሲቀድ ይመጣል፣ ጦጣዎቹ ለአዳር ሲሰበሰቡ ይሄዳል። ሙዙ ውሃ ጠምቶት ቅጠሉን ጥሏል። ጎረቤቶቹ ግራ ቢገባቸው «ምን ሆነህ ነው ማሳህን ትተህ ቁጥቋጦ የምትጠብቀው?» ብለው ጠይቀውታል፤ «ለመድኃኒት ነው» ብሏቸዋል። የማን መድኃኒት እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንኮይዋ የቆመችው የመስኖው ቦይ ከሚያበቃበት፣ ሙዙ አልቆ ዱሩ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ከእሷ ወዲያ ግራሩና ቁጥቋጦው እየተጠላለፈ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። ቁመቷ ከሳር ቤት ጣሪያ ብዙም አይበልጥም፤ እሾኋ ግን ሸሚዝ አያስተርፍም። ማንም አልተከላትም። ዳና ዱሩን መንጥሮ ሙዝ በተከለበት ዓመት መጥረቢያ አንስቶባት ነበር። ልጁ አቢጋኤል ያኔ የወተት ጥርሷ ገና እየወለቀ ነው፤ ከዛፏ ሥር ተቀምጣ አልነሳም አለች። ቢቆጣት አልሰማ፣ ቢያባብላት አልሰማ። መጨረሻ ላይ መጥረቢያውን ጥሎ አብሯት ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ እንኮይ በደረሰ ቁጥር የአባትና የልጅ ወግ ሆነ። ልጣጩ አፍ ስለሚጨመድድ አባት በጥርሱ ይልጥላታል፣ ልጅ ትበላለች፣ ከዚያ መዳፉን ይዘረጋና ዘሩን እዚያ ላይ ትተፋለታለች። «እንዳትውጪው፤ ከዋጥሽው ሆድሽ ውስጥ ይበቅላል» ይላት ነበር። ያች ልጅ አድጋ ከመዘምራኑ ፊት መስመር ቆመች፤ ድምፅዋ ሲወጣ ዳና ከሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ሆኖ ላለመፈገግ ጢሙን ይደባብስ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን መጥታ ክብሩ የሚባል የባጃጅ ሹፌር፣ የኦርቶዶክስ ልጅ፣ ላገባ ነው አለችው።

እሺ አላለም። የክብሩ ሽማግሌዎች እንደ አገሩ ወግ እርጥብ ሳር ይዘው ደጁ ላይ ተንበረከኩ፤ ጋሞ ምድር ላይ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሰው ባዶውን የሚመልስ የለም። ዳና መለሳቸው። ልጅቷ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርማ ያገባች ዕለት ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ያች ልጅ ከእኔ ቤት ውሃ እንኳ አትቀምስም!» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ፤ ጠዋት ግን እንደ ደህና ሰው ተነስቶ ሙዙን አጠጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ዳና ነው።

ባለፈው ሳምንት ውቢት መጣች። ውቢት ከጫሞ ዳር ዓሣ ጭና ወደ ከተማ የምታመላልስ ነጋዴ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይስላል። ሙዝ ልትገዛ መኪናዋን አስቁማ ወረደችና ሳትቀመጥ ጀመረችው።

«ጋሽ ዳና፣ ልጅህ አርግዛለች። አልሰማህም?»

ዳና ገጀራውን አነሳና የበሰለም ያልበሰለም ሙዝ መቁረጥ ጀመረ።

«ሆዷ ምንም አልቀበል ብሏት ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶላት ነው የሰነበተችው። አጥንቷ ቀርቷል። ምን አማረሽ ስትባል አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፤ የአባቴ ማሳ ዳር ያለችው እንኮይ።»

«እንኮይ ገበያ ላይ ሞልቷል» አለ ዳና ቀና ሳይል።

«ሞልቷል። ገዝቼ ወሰድኩላት፤ ቀምሳ ተፋችው። ያችን ነው የምትለው። በል እንግዲህ፣ እኔ ተናግሬያለሁ።»

መኪናዋ አቧራዋን አንስታ እንደሄደች ዳና ገጀራውን እዚያው ጥሎ ወደ ዛፏ ሮጠ። ወቅቱ እያለቀ ነበር። ጫፏ ላይ ጥቂት ፍሬዎች ቀርተዋል፤ እነሱም ገና አረንጓዴ ናቸው። ለማን እንደሆነ ለራሱም ሳይናገር ወንጭፉን አውጥቶ ከሥሯ ተቀመጠ።

ዛሬ በሰሉ። ቢጫው ወደ ቀይ መሳብ ጀምሯል፤ አንድ ቀን ቢያድሩ የጦጣ ሲሳይ ናቸው። ዳና የመጽሐፍ ቅዱስ ቦርሳውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዛፏ ላይ ወጣ። መጽሐፉን ቤት ትቶታል፤ በቦርሳው ውስጥ የሙዝ ቅጠል አንጥፏል። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ እሾህ መካከል! ክንዱ ተጫረ፣ ሸሚዙ ተቀደደ፤ ግን አንድ በአንድ እየለቀመ ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። በቃኝ ማለት ነበረበት። ከሁሉ ጫፍ ላይ ግን አንዲት ድንቡሽቡሽ ያለች፣ ፀሐይ የጠገበች ፍሬ አለች። ይችን ካልያዝኩማ ምን ይዤ ሄድኩ አለና ተንጠራራ። ያዛት። ቦርሳው ግን ተገለበጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው፣ የለቀማቸው ፍሬዎች ከታች ድንጋዩ ላይ ጧ ጧ እያሉ ፈረጡ።

ወረደ። ከፈረጡት መካከል ተንበርክኮ ደህናዎቹን ፈለገ። እፍኝ የማትሞላ ተረፈችው።

ሚስቱ ወርቂቱ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። እሷ «የአቢ አባት» ነበር የምትለው፤ ያን ቃል ከተናገረበት ቀን ወዲህ ግን «አንተ ሰውዬ» ሆኗል። ቦርሳውን ዘረጋላት።

«ዛሬ ከተማ ትሄጃለሽ አይደል? ይህን ይዘሽላት ሂጂ። ከእኔ ነው አትበይ።»

ወርቂቱ ፍሬዎቹን አየች፣ የተጫረ ክንዱን አየች። እጇን ግን አልዘረጋችም።

«አልወስድም። ራስህ ውሰድ።»

«እኔ እንዴት...»

«ስወስድላት የኖርኩት ምን ሆነ መሰለህ? ሙዙን ስወስድ፣ ቅቤውን ስወስድ፣ እንዳለ መልሳ ታሸክመኛለች። አባቴ አትቀምስም ያለውን አልቀምስም ትላለች። አንዴ ብቻ፣ አምና የመጀመሪያውን እንዳረገዘች፣ ለምኜ ለምኜ በቂጣ ቅቤ ቀመሰችልኝ። በሳምንቱ ጽንሱ ወረደ።» ወርቂቱ የያዘችውን ነጠላ ገመዱ ላይ ጣለችው። «ሐኪሙ ምክንያቱን ነግሯታል፣ ደምሽ አንሷል ብሏታል። እሷ ግን የአባቴን ቃል ጥሼ ነው፣ ጎሜ ነው አለች። ይኸው አሁን ደግሞ ፈርታ ነው።»

ጎሜ የሚሉት የተጣሰ ነገር መዘዝ ነው፤ የአባቷን ቃል የጣሰች ሴት ደግሞ በማኅፀኗ ይመጣባታል ይባላል። ዳና መድረክ ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ «ጎሜ የለም! ተሽሯል!» ብሎ አስተምሯል። ያች ልጅ ደግሞ ስትሰማው ያደገች ናት።

«ጎሜ የለም ብዬ አስተምሬያት የለም እንዴ?» አለ።

«አስተምረሃል። ከዚያ ራስህ ሠራህላት።»

ዳና ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አምና ጽንሱ ወረደ ሲባል ሰምቶ ነበር። ያን ቀን ከመንገዱ ዳር ቆሞ መኪና ጠብቋል፤ መኪናው ሲመጣም እጁን ሳያነሳ አሳልፎታል። የእሱን ቃል ጥሼ ነው ብላ እንዳዘነች ግን አላወቀም ነበር። ቃሉን ሄዶ ይመልስ? በምን አፉ? ያን ያህል ሰው ፊት የተናገረውን? ድንገት ፊቱ በራ።

«እንኮይዋ እኮ የእኔ አይደለችም!»

«ምን?»

«አልተከልኳት፣ አላጠጣኋት። ዱር በቀል ናት። ከእኔ ቤት አልኩ እንጂ ከጫካ አትቀምስም አላልኩም። ቃሉ አይነካትም! ያለ ምንም ፍርሃት ትበላለች።»

ወርቂቱ ስትስቅ ከታየች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ አሁን ግን ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ከእግዜር ጋር ክርክር ገጠምክ? በል ሂድና ይህን ለእሷ ንገራት።»

የውቢት ፒካፕ ከጫሞ በኩል ስትመጣ ዳና በዚህ ጊዜ እጁን አነሳ። የፊቱ ወንበር ሰው ስላለበት ከኋላ፣ ከዓሣ ሳጥኖቹ መካከል ተሳፈረ። ውቢት አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ጋሽ ዳና፣ ማን ሞቶ ነው ከተማ የምትሄደው?» አለችው።

«ጉዳይ አለኝ።»

«የጉዳይህን ቤት አውቀዋለሁ። ከበሩ አደርስሃለሁ፣ አትጨነቅ።»

መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ሄደ። አንደኛ፣ ዛፏን የተከለ እግዚአብሔር ነው። ሁለተኛ፣ ያጠጣት ዝናብ ነው። ስብከት እንደሚያዘጋጅ ሰው ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። መኪናዋ የከተማውን ሲቀላ ሰፈር አልፋ ወደ ሴቻ ዳገቱን ስትይዝ ሳጥኖቹ ተንሸራትተው ከጎኑ ተለጠፉ፤ የበረዶ ውሃ በሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ሸተተው። ዓሣ! ሽታ ሁሉ በሚያስመልሳት ሴት ቤት ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ሊገባ ነው። ቦርሳውን ከሽታው ለማራቅ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ክንዱ እስኪዝል አላወረደውም።

ውቢት እንዳለችው ከበሩ ጣለችውና «አይዞህ፣ አትበላህም» ብላ ሄደች። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ወጣት እጅጌውን ሰብስቦ ባጃጅ ያጥባል። ዳናን ሲያይ ስፖንጁ ከእጁ ወደቀ።

«አባ...» አለ ክብሩ። «ይግቡ... ይግቡ እንጂ።»

ዳና ደጃፉ ላይ ቆመ። ለዚህ ልጅ አንድም ቀን ቃል ተናግሮት አያውቅም። መጀመሪያ የሚለውን በስንት ዓይነት አስቦት ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ። በዚህ ሽታ እንዴት አድርጌ እገባለሁ?»

ክብሩ ለአፍታ ዓይኑን አፈጠጠ። ከዚያ ገባው፤ ሁለቱም ሽታው እንዳያስመልሳት ፈርተው ወደ ቤቱ በር አዩ። «ቆዩኝ» አለ ክብሩ በሹክሹክታ። ሳሙናና በጆግ ውሃ ይዞ መጣ። ዳና እጁን ዘረጋ፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ አፈሰሰለት። ታጠበ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አንገቱንም ታጠበ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ሲጨርስ ጥም ተሰማው፤ ሳያስበው ጆጉን ተቀብሎ የቀረውን ጠጣ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ክብሩ ከገመዱ ላይ የደረቀ ልብስ አወረደለት፤ ሌላ የደረቀ የለም፣ ያለው ጀርባው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀይ የኳስ ማሊያ ብቻ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኸው ነው።»

«ሽታ ከሌለው ይሁን» አለ ዳና፤ ለበሰው።

አቢጋኤል ግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። ዳና መጀመሪያ አላወቃትም፤ ጉንጯ ገብቶ፣ ዓይኗ ብቻ ትልቅ ሆኖ። ያዘጋጀው ሁሉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ለጊዜው ጠፋው። እሷ ደግሞ አባቷን አየች፣ ቀዩን ማሊያ አየች፣ ድጋሚ አባቷን አየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ስትስቅ ያችው ልጁ ነበረች።

«አባ! ለየትኛው ቡድን ነው የምትጫወተው?»

«ለባልሽ» አለ፤ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እንዲህ ብሎ እንደመለሰ ራሱም ገረመው።

ሳቁ አለቀ። አቢጋኤል ቦርሳውን በአገጯ አመለከተች። «ልታነብልኝ ነው የመጣኸው?»

ዳና ዚፑን ከፈተ። ከሙዝ ቅጠሉ ውስጥ የእንኮዩ ሽታ ወጣ፤ ኮምጣጣውም ጣፋጩም አንድ ላይ። የአቢጋኤል ጉሮሮ ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ። እጇ ከብርድ ልብሱ ሾለከና ቦርሳው አፍ ድረስ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ቀስ ብላ መለሰችው።

«የማን ናት፣ አባ?»

ይህቺን ጥያቄ ነበር የተዘጋጀላት። ጉሮሮውን ጠረገ። «የማንም አይደለችም። አንደኛ፣ እኔ አልተከልኳትም። ሁለተኛ፣ ዝናብ እንጂ የእኔ ቦይ አላጠጣትም። የጫካ ናት። ያልኩትን ብያለሁ፤ ይህች ግን ከዚያ ውጪ ናት። ምንም አይነካሽም፤ ብዪ።»

አቢጋኤል ድሮ ከመዘምራኑ መካከል ሆና እንደምታዳምጠው አዳመጠችው።

«ውቢት ነግራኛለች» አለች። «ሙዙን ትተህ ሳምንቱን በሙሉ ጦጣ ስታባርር ነበር አሉ።»

«አባርሬያለሁ።»

«ጎህ ሲቀድ ጀምረህ።»

«እና ጦጣ መቼ ይተኛል?»

«ጠባቂ ያለው ዛፍ የጫካ ነው እንዴ፣ አባ?»

ዳና፣ ስንት ሽማግሌ ተከራክሮ የረታው ሰው፣ በዚህች ተረታ። ልጁ ዓይኗን አልነቀለችበትም፤ እልኋ የእሱ እልህ ነው፣ ያውቀዋል። ከዓይኗ ሥር ግን ፍርሃት አለ። ምራቋን ትውጣለች፣ ፍሬዎቹን ላለማየት ትታገላለች፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። የጫካ ናት ብላ ብትበላት እንኳ ሌሊቱን ሙሉ አባቴን አታለልኩት ወይስ አላታለልኩትም እያለች ነው የምታድረው። ዳና ይህን አሁን አየው። ያዘጋጀው መንገድ እሱን ብቻ ነበር የሚያሻግረው።

ከበርጩማው ወረደና ፍራሹ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዛፏ ሥር እንደሚቀመጡት።

«ክብሩ!» አለ ወደ በሩ። «ግባ። ስማኝ።»

ክብሩ ገባ፤ በእጁ አንድ ሳህን ይዟል። ሰሞኑን ሁሉ ስታስመልስ ከአፏ ሥር የሚይዘው ሳህን ነው፤ ምግብ ባየች ቁጥር አንስቶት መቆም ለምዶበታል።

«ያን ቀን የተናገርኩት ሰው በተሰበሰበበት ነው። የምመልሰውም ሰው እየሰማ ነው።» ወደ አቢጋኤል ዞረ። «ከቤቴ ውሃ አትቀምስም ብዬ ነበር። በድያለሁ። ቃሌን አንስቻለሁ። እሑድ ደግሞ በዚያው ሰው ፊት እደግመዋለሁ። ይህች እንኮይ የእኔ ናት። ከቤቴ ናት። እኔም አሁን ደጅ ላይ ከቤትሽ ውሃ ጠጥቻለሁ። ብዪ፣ ልጄ።»

የአቢጋኤል እንባ በጆሮዋ በኩል ወደ ትራሱ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ዳና ከቅጠሉ ውስጥ አንዷን አነሳ። በፊት ጥርሱ ነክሶ ልጣጩን ገፈፈው፤ ጎምዛዛው አፉን ጨመደደውና ፊቱን አኮሳተረ። የተላጠውን ፍሬ ዘረጋላት። በዚህ ጊዜ እጇ መንገድ ላይ አልቆመም።

ዓይኗን ጨፍና አኘከች። ክብሩ ሳህኑን ይዞ ግማሽ እርምጃ ቀረብ አለ፤ ዓይኑ ከጉሮሮዋ አይነቀልም። ዋጠች። ትንፋሿን ያዘች። ዳናም ያዘ። አንዴ ትከሻዋ ነቅነቅ አለና ክብሩ ጎንበስ አለ፤ እሷ ግን በእጇ ቆይ አለችው። ደጅ ላይ ከባጃጁ የሚንጠባጠበው ውሃ ይሰማል።

ዳና ሳያስበው መዳፉን ዘርግቶ ነበር።

«እንዳትውጪው» አላት።

«ከዋጥኩትስ?» አለች፤ ዘሩን በጉንጯ ይዛለች። «ሆዴ ውስጥ ይበቅላል?»

አቢጋኤል በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች፣ ወደ መዳፉ ጎንበስ ብላ ዘሩን ተፋችለት። እርጥብና ሞቃት ነበር። ዳና ጣቶቹን ገጠመበት።

ክብሩ ሳህኑን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

አቢጋኤል የቦርሳውን አፍ ወደ ራሷ ስባ በውስጡ ያሉትን ተመለከተች፤ እያገላበጠች መረጠች። ከዛፏ ጫፍ ላይ የወረደችውን፣ ያን ሁሉ ፍሬ ያስደፋችውን ድንቡሽቡሿን አንስታ ለአባቷ ሰጠችው።

«ይቺን ላጥልኝ» አለች።